የወይዘሮ ደብሪቱ እንቅልፍ

በአንድ ወቅት፣ መንገዱ ከደጋ ተነስቶ ወደ ቆላ በሚወርድበት አፋፍ ላይ፣ ንፋስ በር በሚባል ቦታ፣ ወይዘሮ ደብሪቱ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ቤታቸው የመንገደኛ ማረፊያ ነው። ጠላ አይጠመቅበትም፤ ጠጅም አይጣልበትም። ከእሳቱ ዳር የማትጠፋ አንዲት ትልቅ የመዳብ ማንቆርቆሪያ አለች፤ ከጣሪያው ሥር ደግሞ በየእስሩ የተንጠለጠለ ቅጠል አለ፤ ጦስኙ፣ ዳማከሴው፣ በሶብላው፣ ጠጅ ሣሩ። እንግዳ የሚጠጣው ከዚያ ነው።

«ይህን አምጡልኝ» ብሎ ማዘዝ ግን በዚያ ቤት የለም። ወይዘሮ ደብሪቱ እንግዳውን ገና ከደጃፍ ጀምረው ያዩታል። አካሄዱን፣ ዓይኑን፣ ከሰላምታው በፊት የተነፈሰውን ትንፋሽ ያያሉ፤ ከዚያ እጃቸውን ወደ ጣሪያው ይሰዳሉ። ፍርድ ቤት ሲከራከር ውሎ የመጣውን ጠጅ ሣር ያጠጡታል። ብርድ የመታውን ዝንጅብል ከማር ጋር፣ ሆዱ የተነፋበትን እንስላል፣ ራሱን የሚወቅረውን ዳማከሴ። ዳገቱን ወጥቶ የደከመውንና ማደር ብቻ የሚፈልገውን ጦስኝ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ደግሞ የሲራራ ነጋዴዎች ተራ ይመጣል። የቆላው ሐሩር በቀን ስለማያስኬድ እነሱ በሌሊት ነው የሚወርዱት፤ ለእነሱ የተቆላ የቡና ቅጠል ከረር ተደርጎ ይፈላል። «ዓይን ገላጭ» ይሉታል። እሱን የጠጣ ሰው በቅሎ ላይ አያንቀላፋም።

«እናታለም፣ እኔ እኮ ዝንጅብል ነበር ያማረኝ» የሚል ደፋር አንዳንዴ አይጠፋም።

«ያማረህንማ ቤትህ ትጠጣለህ፤ እዚህ የሚጠጣው የሚያስፈልግህ ነው» ይሉታል። ሰውየውም አጉረምርሞ ይጠጣና ጠዋት መርቆ ይሄዳል።

አንድ ልማድ ነበረ። ቅጠል ክፉም ደግም ነውና፣ እንግዳ አምኖ እንዲጠጣ፣ ቀጂው ወይም እሱ የወከለው የቤት ሰው፣ ለእያንዳንዱ እንግዳ ከመቀዳቱ በፊት፣ ከማንቆርቆሪያዋ መዳፉ ላይ ጠብ ያለውን በእንግዳው ፊት ይቀምሳል። ያልተቀመሰ አይጠጣም። ንጉሥም ቢመጣ፣ ለማኝም ቢመጣ ወጉ ይኸው ነው።

ወይዘሮ ደብሪቱ ሦስት ልጆች ነበሯቸው። የመጀመሪያው ዘርጋው ነው፤ ከአፋፉ በላይ ያርሳል። ሁለተኛዋ ማንጠግቦሽ ናት፤ ራቅ ያለ አገር ተድራለች። ታናሹ ደባልቄ ግን ሚስቱን እንጉዳይን ይዞ ከእናቱ ጋር ይኖር ነበር፤ በዚያ ቤት እጁ ያልገባበት ሥራ አልነበረም። ይህ ደባልቄ አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ቆላ ወርዶ በንዳድ ሞተ። ልጅ አልተወም። እንጉዳይም ወላጆቿ ሞተው ነበርና የምትመለስበት ቤት አልነበራትም፤ ከአማቷ ጋር እሳቱ ዳር ቀረች።

ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ደብሪቱ እንቅልፍ አጡ።

መጀመሪያ ሐዘን ነው ተባለ። ግን ተዝካሩ ወጣ፣ ጥቁሩ ልብስ ተለወጠ፣ እንቅልፉ አልተመለሰም። ከገበያ የመጣ ጦስኝ አፈሉ። በሶብላ ትራሳቸው ሥር አደረጉ። ማር አበዙ፣ ማር ቀነሱ። ዶሮ ሲጮህ ዓይናቸው እንደፈጠጠ ነው። አገሩን ሁሉ ያስተኛ እጅ ለገዛ ባለቤቱ አልሆነም። የጎረቤት አፍ መቼም አያርፍም፤ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» መባል ተጀመረ።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢቆም ደግ ነበር። የሰውም አረረ። እንቅልፍ ያጣ ዓይን እንግዳን መለየት አቃተው፤ ምላሳቸውም ቀምሶ አይለይ ሆነ። አንድ ቀን ከነሕፃኗ ሦስት ተራራ አቋርጣ ለመጣች አራስ ዓይን ገላጩን ቀዱላት፤ እናትም ልጅም ሲያፈጡ አደሩ። ሌላ ቀን ደግሞ የሲራራውን መሪ ጦስኝ አጠጡት። ሰውየው ገደሉ ጫፍ ላይ፣ በቅሎ ጀርባ ላይ፣ ድብን ብሎ አንቀላፋ። በቅሎዋ ከባለቤቷ ብልጥ ሆና በራሷ ባትቆምለት ኖሮ ተዝካሩን ሌላ ሰው በበላለት ነበር።

ከዚያ በኋላ አንዳንድ መንገደኛ ደጁን አይቶ እንዳላየ ማለፍ ጀመረ። ወይዘሮ ደብሪቱን ከእንቅልፉም በላይ ያቃጠላቸው ይህ ነው። ለእርሳቸው ሰው እጃቸውን ካላመነ በሕይወት አለሁ ማለት ከንቱ ነበር።

አንድ እሑድ፣ ሰንበቴው ተበልቶ ሲያበቃ፣ ሽማግሌዎቹ ባሉበት ተነስተው ቆሙ።

«ስሙኝማ። ይህን እጄን በቁሜ ላሳርፈው አስቤ ነበር። እንዲህ ሆኜ ግን ያረረ ቤት ለማንም አላወርስም። ከቤቴ ሰው እንቅልፌን የመለሰልኝ፣ ማንቆርቆሪያዬ የእሱ ናት። ማርያም ምስክሬ!»

ማንቆርቆሪያ ሲባል ዕቃ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እሷን የያዘ ቤቱን፣ የቅጠል ጓሮውንና የእንግዳውን እምነት ይይዛል። ዘርጋው፣ ማንጠግቦሽና እንጉዳይ ደግሞ ሦስቱም አጥብቀው ይፈልጓት ነበር። የዘርጋውን መሬት ጎርፍ ጠርጎት ድንጋይ ብቻ ቀርቶታል። ማንጠግቦሽ በአማቷ ቤት ጥገኛ ናት፤ የራሴ የምትለው እሳት ኖሯት አያውቅም። እንጉዳይ ደግሞ ማንቆርቆሪያዋ ለሌላ ከሆነች በማግስቱ ጎዳና ላይ ናት። ስለዚህ ስግብግብ ናቸው ብላችሁ አትፍረዱባቸው፤ ችግራቸው እውነተኛ ነበር።

ዘርጋው ወሬ አይወድም። «እናቴ የምትጠጣው ጦስኝ የገበያ ጦስኝ ነው፤ ከገለባ አይሻልም» አለና ተነሳ። ደህናው ጦስኝ የሚበቅለው ከአፋፉ በታች፣ ጦጣ እንኳ አስባ በምትረግጠው ድንጋይ ላይ ነው። ጠፍር ወገቡ ላይ አሰረ፣ ጫፉን ከጽድ ግንድ ጋር ቋጠረና ወረደ። ጤዛው ሳይረግፍ ለቀመ። ሊወጣ ሲል ድንጋዩ ከእግሩ ሥር ተናደ፤ ጠፍሩ መዳፉን ልጦት ሄደ፣ ጉልበቱ ከአለቱ ጋር ተላተመ። ጦስኙን ግን ከጉያው አልጣለም። በጥላ አደረቀው። ውሃው ሲፈላ ከእሳት አወረደ፣ ቅጠሉን ነስንሶ ከደነው፣ ትንሽ አቆይቶ ለእናቱ ሰጣቸው። ወይዘሮ ደብሪቱ ስኒውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ብዙ ቆዩ።

«ከየት አመጣኸው?»

«ከታች።»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ጠጡትም። ከዚያ ወዲህ ጦስኙ ባለቀ ቁጥር ዘርጋው እያነከሰ ገደሉን ይወርድ ነበር።

ማንጠግቦሽ ቅጠል አታውቅም፤ አውቃለሁም አትልም። ለሰንበቴው መጥታ የእናቷን ፊት ስታይ፣ «ይህ የቅጠል ጉዳይ አይደለም» ብላ አሰበች። ደባልቄ ከሞተ ወዲህ በዚያ ቤት ስሙ አይነሳም ነበር፤ ቁስሉ እንዳይነካ ተብሎ ሁሉም በዙሪያው ይዞራል። አንድ ምሽት ማንጠግቦሽ በርጩማዋን ስባ ከእናቷ ጎን ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ደባልቄ ዳማዋን በቅሎ ሲፈራት ትዝ ይልሻል?»

እንጉዳይ ከእሳቱ ዳር ቀና አላለችም። ወይዘሮ ደብሪቱ መጀመሪያ ሊቆጡ ነበር፤ ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ጅራቷን ይዞ ዳገቱን የወጣ ዕለት!» አሉ። «እሷ ፈርታ ትሮጣለች፣ እሱ ፈርቶ አይለቃት!»

ሲስቁ ቆይተው አለቀሱ። ቀብሩ ላይ እንኳ እንዲያ አላለቀሱም። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ምሽት በመጣ ቁጥር የደባልቄ ነገር ተወራ። የማንጠግቦሽ ባል «ቤትሽ ወዴት ነው?» ብሎ ላከባት። ዳግመኛ ላከ። በመጨረሻ የመጣው መልእክት ግን «ካልመጣሽ ሌላ አገባለሁ» የሚል ነበር። አልሄደችም። እናቷ «ኧረ ሂጂ ልጄ፣ ትዳርሽን!» ሲሏት እንኳ፣ «ደባልቄ የስንዴ ክምር ውስጥ ተኝቶ የጠፋ ጊዜስ?» ብላ ትጀምራለች።

እንጉዳይ ዝምተኛ ናት። ምራት አማቷን አትናገርም፤ ታያለች እንጂ። እሷ ያየችው መዳፍ ነበር። ምሽት ሲራራው ሲሰበሰብ አማቷ ለአንዱ ነጋዴ ከመቅዳታቸው በፊት ዓይን ገላጩን መዳፋቸው ላይ ጠብ ያደርጉና ይቀምሳሉ። ለሁለተኛውም ጠብ፣ ለሦስተኛውም ጠብ። ጠብታ ማንን እንቅልፍ ይነሳል ትላላችሁ? ነጋዴው ብዙ ነው፤ ጠብታው ሲደመር ደህና ስኒ ይሞላል። ደባልቄ በሕይወት ሳለ የሲራራው ቀማሽ እሱ ነበር፤ ሌሊቱን ሲገላበጥ አጠገቡ የተኛችው ደግሞ እሷ ናት። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አወቀች።

አውቃ ግን ወራት ዝም አለች። ምን ትበል? «እሜቴ፣ አይቅመሱ» ማለት «ቤትዎን ይዝጉ» ማለት ነው። «እኔ ልቅመስልዎ» ማለት ደግሞ በዚያ አገር ሌላ ትርጉም አለው፤ ቤት የሚወረሰው በዚሁ ነውና። አሮጌው ቀጂ ከማንቆርቆሪያዋ በአዲሱ ቀጂ መዳፍ ላይ ጠብ ያደርጋል፣ አዲሱ በሽማግሌዎች ፊት ይቀምሳል፣ ቤቱ የእሱ ይሆናል። ሰንበቴው ባለፈ በጥቂት ቀን ግን፣ አማቷ ማንቆርቆሪያዋን ሲያነሱ ተነስታ መዳፏን ዘረጋች።

«እሜቴ፣ ከእንግዲህ ለነጋዴዎቹ እኔ ልቅመስ።»

«በቁሜ?» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ። ነጋዴዎቹ ሁሉ ይሰማሉ።

«ላሳርፍዎት ብዬ እንጂ ቤቱን ሽቼ አይደለም።»

«ቤት የማይሻ ምራት ከየት ተገኘ!» አለ አንዱ ነጋዴ፤ ጓደኛው ሳቁን ዋጠ። እንጉዳይ መዳፏን አላጠፈችም። ወይዘሮ ደብሪቱ በንዴት አብዝተው ቀዱት፤ እጇ ተቃጠለ፣ ቀመሰች። ከዚያ ምሽት ጀምሮ የሲራራው ቀማሽ እሷ ሆነች። ሌሊቱን ደግሞ እንዝርቷን ይዛ ስትፈትል ታነጋለች፤ ዓይኗ በርበሬ መሰለ።

ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ ሰሞን ነው። ጦስኙም፣ ጨዋታውም፣ ቀማሿም ተከታትለው መጡ፤ የትኛው እንደቀደመ ያስታወሰ የለም።

ከዚያ አንድ ምሽት፣ ጀንበር ገና ሳትጠልቅ፣ ነጋዴዎቹ ስኒያቸውን ይዘው ተቀምጠው ሳለ፣ የወይዘሮ ደብሪቱ አንገት ዘንበል አለ። ባዶው ስኒ ከጣታቸው ሾልኮ ጭናቸው ላይ ተጋደመ። ሰው መጀመሪያ ደነገጠ። ትንፋሻቸው ሲሰማ ግን የሲራራው መሪ፣ ያ ገደል ላይ ያንቀላፋው፣ በእጁ «ዝም በሉ» አለ። ነጋዴዎቹ በእግር ጣታቸው ወጡ። የበቅሎዎቹን ቃጭል በጨርቅ ጠቀለሉት፤ ያን ዕለት ሲራራው ያለ ድምፅ ቆላ ወረደ። ወይዘሮ ደብሪቱ የነቁት ፀሐይዋ ሞቅ ካለች በኋላ ነው። በማግስቱም ተኙ። ከዚያም በኋላ ተኙ። እጃቸው ወደ ቀድሞው ተመለሰ፣ እንግዳውም ተመለሰ።

ጠቡ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። ሽማግሌዎቹ ከጽዱ ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ ዳኛው አባ ውቤ ነበሩ።

ዘርጋው ቀደመ። «ሌላ ጦስኝ ስትጠጣ ከርማ አልተኛችም፤ የእኔን ጠጥታ ተኛች። ምስክሬ ጉልበቴ ነው።»

ማንጠግቦሽ ቀጠለች። «ያልተለቀሰ ሐዘን አያስተኛም። ያስለቀስኳት እኔ፣ ያሳቅኳት እኔ። ምስክሬ የፈረሰው ትዳሬ ነው።»

እንጉዳይ መጨረሻ ተናገረች። «እኔ የሰጠኋቸው የለም። ዕረፍት የነሳቸውን ነው የወሰድኩላቸው። ምስክሬ ዓይኔ ነው፤ እዩት።»

«ካወቅሽ ለምን ያን ያህል ጊዜ ዝም አልሽ?» አለ ዘርጋው። «እናቴ ሌሊቱን በዓይኗ ስታነጋ እያየሽ!»

«አያ ዘርጋው፣ ጦስኙስ ገደሉ ላይ ዘንድሮ ነው የበቀለ? ማንቆርቆሪያዋ እስክትጠራ የት ነበሩ?»

ማንጠግቦሽ ልትገላግል አፏን ስትከፍት ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «አንቺም ብትሆኚ ለቀብር መጥተሽ በሳልስቱ የሄድሽ ነሽ» አላት። እንግዲህ ሦስቱም ንጹሕ አልነበሩም፤ ሦስቱም ግን ሲመጡ ከልባቸው መጥተዋል።

አባ ውቤ ጢማቸውን እያሻሹ አንድ ብልሃት አመጡ። «ይህ ቀላል ነው። አንድ ሰሞን ጦስኙ ይቅር። አንድ ሰሞን ጨዋታው ይቅር። አንድ ሰሞን እንጉዳይ አትቅመስ። የትኛው ሲቀር እንቅልፍ እንደሚጠፋ ይታያል፤ ባለቤቱም ይታወቃል።»

ሽማግሌው ሁሉ «እውነት ነው! እውነት ነው!» አለ። ወይዘሮ ደብሪቱ ግን ሳቁ።

«አባ ውቤ፣ እርስዎ ቤትዎ እያንኮራፉ የእኔን እንቅልፍ ለሙከራ ሊያስይዙት? ዓመት ሙሉ ያጣሁትን እንቅልፍ ለሸንጎ ብዬ መልሼ አልጥለውም። ይልቅ እኔ የምነግራችሁን ስሙ።»

ማንቆርቆሪያዋን ከቤት አስመጥተው ነበር፤ ገና ትጨሳለች። እጃቸውን ክዳኗ ላይ አሳረፉ።

«ዘርጋው ጦስኙን ሲሰጠኝ ለምን እንዳለቀስኩ አልጠየቃችሁኝም። ከዚያ ገደል ለእኔ ይለቅምልኝ የነበረው ደባልቄ ነው። ማታ ማታ በርጩማ ስቦ የሚያጫውተኝም ደባልቄ ነበር። በነጋዴው ፊት መዳፉን የሚዘረጋውም እሱ ነበር። አንድ ልጄ ሲሄድ ሦስቱንም ይዞብኝ ሄደ። እናንተ እያንዳንዳችሁ አንዳንድ አድርጋችሁ መለሳችሁልኝ። እኔ አሁን የምተኛው ልጄ ቤት የገባ እየመሰለኝ ነው።»

ከጽዱ ሥር የተቀመጠው ሰው ሁሉ አቀረቀረ። እንጉዳይ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። ያ ሁሉ ጊዜ ሲያልፍ በአንድም ሰው ፊት ባሏን አልቅሳ አታውቅም ነበር።

«እንግዲያው ለሦስት ያካፍሏቸዋ» አለ አንዱ።

«ማንቆርቆሪያ አይካፈልም፤ ልማዱን ታውቃላችሁ። እንግዳ የሚያምነው አንድ መዳፍ ነው» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ። ማንቆርቆሪያዋንም አነሱ።

ይህን ታሪክ ስንት ቦታ አውርቼ ስንት ኩርፊያ አትርፌአለሁ። አንዱ «የደም ልጅ እያለ!» ይላል። ሌላዋ «ትዳሯን ከፍላበታለች» ትላለች። ሦስተኛው «ቤት ለሌላት ነው ቤት የሚሰጠው» ይላል፤ ጎኑ ያለው ሰው ደግሞ «ለእንጉዳይ ከሰጧት ዕድሜ ልኳን ስትቀምስ ልትኖር አይደል፤ ያ ሽልማት ነው ወይስ ቅጣት?» ብሎ ያስቆመዋል። እኔ ሁሉንም ሰምቼ፣ ሁሉም ልክ መስሎኝ ነው ወደ ቤቴ የምገባው።

እነሆ ከጽዱ ሥር ሦስት መዳፎች ተዘርግተዋል። የአንዱን ጠፍር ልጦታል። አንዷ ቀለበቷ ወልቆ ነጭ ምልክቱ ጣቷ ላይ ቀርቷል። የሦስተኛዋ ተቃጥሎ፣ በቡና ቅጠል ጠቁሯል። ወይዘሮ ደብሪቱ ማንቆርቆሪያዋን ዘንበል አድርገዋል፤ ጠብታው አፏ ላይ ደርሷል። እንግዲህ ፍረዱ፦ በማን መዳፍ ላይ ይውደቅ?